ስንት ናችሁ?

ድሬዳዋ ከገባን ሁለት ሳምንት ሆነን። ትናንት ልጄን ይዤ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆምኩ። ታች አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። «እማዬ፣ ወንዙ የታለ?» አለችኝ። 10 ዓመት ሊሞላት ነው፣ የተወለደችው ካናዳ ነው፣ ወንዝ ማለት ለሷ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ያለበት ነው። ይሄ ደረቅ አሸዋ በ1998 ሐምሌ ማለቂያ ላይ በጎርፍ ሞልቶ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው እንደወሰደ እንዴት ብዬ ልንገራት?

ያኔ 8ኛ ክፍል ነበርኩ። ከባዱ ዝናብ የወረደው ላይ ደጋው ላይ ነው። ውሃው ተሰብስቦ ቁልቁል ሲመጣ ከተማው ተኝቷል። እኛን ያስጠነቀቀን መንግሥት የለም፣ ስልክ የለም። የቀሰቀሱን ጎረቤታችን፣ አንዲት የሶማሌ እናት ናቸው። የቆርቆሮ በራችንን በድንጋይ ደበደቡት። ወጥተን ወደ ዳገቱ ስንሮጥ በዚያ ጨለማ እጃቸውን አንድ በአንድ ትከሻችን ላይ እያሳረፉ ቆጠሩን። «ስድስት! ሰባተኛው የታለ?» ታናሽ ወንድሜ ጓዳ ተኝቶ ቀርቷል። አባቴ ተመልሶ አቅፎት ሲወጣ ውሃው ጉልበቱ ደርሶ ነበር።

አሁን ካናዳ ወዳለችው ፎርት ማክመሪ ከተማ ልውሰዳችሁ። እዚያ ተጋብተን፣ ወልደን፣ አባሳንድ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ሜይ 3 ቀን 2016 ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሰደድ እሳት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ከወንዙ ማዶ ነው ብለን ተረጋግተናል። ከሰዓት ነፋሱ ተነሣና ሰማዩ ብርቱካን ሆነ፣ ወዲያው ውጡ ተባለ። ልጄ የ7 ወር ናት። ያነሣሁት ፓስፖርት፣ ሦስት ዳይፐርና እናቴ የላከችልኝን ነጠላ ነው። የትኩሳት መድኃኒቷን ረሳሁት። ወደ ደቡብ የሚያስወጣው መንገድ አንድ ነው፣ ሀይዌይ 63። ያን ቀን ወደ 88,000 ሰው ነው ከከተማው የወጣው። በግራ በቀኝ ዛፉ እየነደደ፣ የመኪናው መስታወት በእጅ ሲነካ እያቃጠለ፣ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ልጄን በነጠላው ሸፍኜ «ቁልቢ ገብርኤል ድረስልኝ» ከማለት ሌላ ቃል ጠፍቶኝ ነበር። በደህና ቀን አምስት ሰዓት የሚፈጀው የኤድመንተን መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ፈጀብን። መንገድ ዳር የማናውቃቸው ሰዎች ቤንዚንና ውሃ በነፃ ያድሉ ነበር። ይሄን መቼም አልረሳውም።

ኤድመንተን ስንደርስ አልጋ ተዘጋጅቷል፣ ወተትና ዳይፐር ተደርድሯል። አንዲት ልጅ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብላ «ስንት ናችሁ?» አለችን። «ሦስት።» ጻፈችው። ቀይ መስቀል ለአዋቂ 600፣ ለልጅ 300 ዶላር ላከልን፣ የክልሉ መንግሥትም ጨመረበት። ቤታችን ግን ተቃጠለ። የተከራይ ኢንሹራንስ በወር ከአንድ ምሳ ብዙም አይበልጥም ነበር፣ «ምን ዕቃ አለንና» ብለን ሳንገባ ቀርተን ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ወጣት ባልና ሚስቶች፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ግቡ።

በሦስተኛው ቀን ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። ከግድግዳው ማዶ የሚኖረው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ስንወጣ መኪናው ቆሞ ነበር። ወጥቶ ይሆን? ብቻውን ነው ወይስ ቤተሰብ አለው? ሁለት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ስሙን እንኳ አላውቅም! ያን ቀን ነው ያለቀስኩት። ለቤቱ አላለቀስኩም።

ብዙ ጊዜ እኛ ዲያስፖራዎች ወይ «የፈረንጅ አገር ሰው ብቸኛ ነው» እንላለን፣ ወይ «አገር ቤት ሲስተም የለም» እንላለን። ሁለቱም እውነት አለው። ድሬ ላይ ጎርፉ ቤት የወሰደበት ሰው ስንት ጊዜ መጠለያ ውስጥ እንደኖረ አይቻለሁ። ንብረቱን የሚተካለት አልነበረም። ወንድሜን ያተረፉት እናት ማስጠንቀቂያ ቀድሞ ደርሷቸው ቢሆን ኖሮ ስንት በር ያንኳኩ ነበር እያልኩ አስባለሁ። ካናዳ ሲስተሙ አዳነኝ። ሲስተሙ ግን ጎረቤቴን የማወቅ ሥራ አይሠራልኝም። እሱ የኔ ነው።

በ2024 ሜይ እሳቱ ተመልሶ መጣ። እኛም ተመልሰን አባሳንድ ነበርንና የኛን ጨምሮ አራት ሰፈሮች ውጡ ተባሉ። አሁን ቦርሳው በር ሥር ነው፦ ሰነድ፣ መድኃኒት፣ ቻርጀር፣ የልጅ ልብስ። የመኪናው ነዳጅ ከሚያዝያ ጀምሮ ከግማሽ አይወርድም። ከመውጣታችን በፊት አምስት በር አንኳኳሁ። በያንዳንዱ ቤት ስንት ሰው እንዳለ አውቅ ነበር። አንዷ ፊሊፒናዊት ጎረቤቴ መኪናዋ አልነሣ ብሏት ግራ ገብቷት ስለነበር ልጇን ይዛ ከኛ ጋር ወጣች።

አሁን እዚህ ስመጣ ደግሞ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እናቴ ጊቢ ውስጥ ተከራዩ በየዓመቱ ይለዋወጣል። «እነዚያ አዲሶቹ ተከራዮች ስንት ልጅ አላቸው?» አልኳት። «እኔ እንጃ፣ ልጄ። ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት።» እናቴ ናት እንዲህ ያለችው! ደቻቱ ዳር ግንብ ተሠርቷል፣ ጥሩ ነው። ግንብ ግን ጓዳ የተኛ ልጅ አይቀሰቅስም።

ዛሬ ጠዋት ልጄን ይዤ እኚያ እናት ጋ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፄን ሰምተው ነው ያወቁኝ። ሻይ በወተት ቀረበ። ልጄን ወደራሳቸው ስበው እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። «አንድ ብቻ?» አሉኝ።

«አንድ ብቻ፣ እማማ። አባቷ ሥራ ይዞት ካናዳ ቀርቷል።»

«እንግዲያ ሦስት ናችሁ» አሉና ልጄን ሻይሽን ጠጪ አሏት።