ለሲኦፒዲ ታማሚ ሲልዴናፊል ከማዘዝ በፊት የኦክስጅኑን ሰዓት ቁጠሩ

ሰሞኑን በአንድ የጤና ውይይት ላይ አንድ ሐኪም «ሲኦፒዲ ያለበት ሰው የሳንባ ደም ሥሮቹ ግፊት ከፍ ካለ ሲልዴናፊል ማስጀመር ነው፤ ግፊት ያው ግፊት ነው» ሲሉ ተደምጠዋል። (ሲኦፒዲ የአየር ቱቦዎችን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ነው፤ ሲልዴናፊል የደም ቧንቧን የሚከፍት ክኒን ነው።) አንድም ተወያይ አላረማቸውም። ይህ ምክር በቤቱ ተቀምጦ የሚሰማን ታማሚ ሊጎዳ ስለሚችል በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

«ግፊት ያው ግፊት ነው» የሚለው ሐረግ ገና ከመነሻው ይወድቃል። የሳንባ ደም ወሳጅ ቧንቧዎች ራሳቸው ታመው ግድግዳቸው ሲወፍር ሲልዴናፊል 20 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ መስጠት የታወቀ ሕክምና ነው። በሲኦፒዲ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአክታና በጠበበ የአየር ቱቦ ምክንያት አየር ያልደረሰው የሳንባ ክፍል ውስጥ ያሉት ትናንሽ የደም ቧንቧዎች ሆን ብለው ይጠባሉ። የሚጠቡትም ደሙ በባዶ እንዳይመለስ፣ አየር ወዳለበት ክፍል እንዲዞር ነው። ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ የተባሉ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ይህን በ1946 በድመቶች ሳንባ ላይ አሳይተዋል። የኦክስጅን እጥረቱ ለዓመታት ሲቆይ መጥበቡ ይጸናል፣ የቧንቧው ግድግዳ ይወፍራል፣ በኤምፊዚማ (የሳንባ የአየር ከረጢቶች መፍረስ) የጠፉት ጥቃቅን ቧንቧዎችም ሲጨመሩ የቀኙ የልብ ክፍል ሸክሙ ይከብደዋል። የግፊቱ አንዱ ምንጭ እንግዲህ ሳንባው ለራሱ ያበጀው መከላከያ ነው።

አሁን ሲልዴናፊል ይሰጥ። ክኒኑ ከደም ጋር ስለሚዘዋወር ቦታ አይመርጥም፤ አየር ያለበትንም የሌለበትንም ቧንቧ ይከፍታል። ደሙ ወደ ታፈነው ክፍል ይጎርፋል፣ ኦክስጅን ሳይዝ ይመለሳል፣ ከጥሩው ደም ጋር ይቀላቀላል። ይህ ግምት አይደለም። ለሲኦፒዲ ታማሚዎች 20 ወይም 40 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ሲለካ የሳንባው ግፊት ወርዷል፤ በዕረፍት ላይ የነበረው የደም ኦክስጅንም አብሮ ወርዷል። ከአካል ብቃት ሥልጠና ጋር ለሦስት ወር ሲሰጥ ደግሞ የታማሚዎቹን አቅም ከሥልጠናው በላይ አልጨመረም። ቦሴንታን የተባለ ሌላ የሳንባ ደም ሥር ግፊት መድኃኒት ለ12 ሳምንት ተሞክሮ የእግር ጉዞ ርቀታቸው አልተሻሻለም፤ ኦክስጅናቸውና የኑሮ ጥራታቸው ግን ቀንሷል።

«በትንፋሽ የሚሳብ ከሆነ አየር ወዳለበት ብቻ ይደርሳል» የሚሉም አሉ። በወረቀት ላይ ያምራል። ትሬፕሮስቲኒል የተባለው የደም ቧንቧ ከፋች መድኃኒት በትንፋሽ ተስቦ በሳንባ ጠባሳ ምክንያት ግፊት ያለባቸውን ረድቷል። በሲኦፒዲ ታማሚዎች ላይ የተደረገው ጥናት ግን ለደህንነታቸው ሲባል ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። የ2022 የአውሮፓ የልብና የሳንባ ሐኪሞች መመሪያም ግፊቱ ከባድ ባልሆነበት የሳንባ ሕመም እነዚህን መድኃኒቶች አይመክርም። ከባድ የሚባለው ወደ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ተለክቶ የቧንቧዎቹ ተቃውሞ፣ ማለትም ደሙ እንዳያልፍ የሚገጥመው እንቅፋት፣ ከ5 ዉድ ዩኒት (የዚሁ መለኪያ) ሲያልፍ ነው። እነዚያ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ በልዩ ማዕከል እየተከታተሉ በየግላቸው ቢወሰንላቸው አልቃወምም። ከዚህ አልፌ የምሰጠው የለኝም።

ደግሞስ የትኛው ግፊት? ብዙ ጊዜ መነሻው የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ቁጥር ነው። በአየር የተነፋ ሳንባ ልብን ይጋርዳል። የሳንባ ንቅለ ተከላ በሚጠብቁ 374 ሰዎች ላይ በኢኮ ግፊቱን መገመት የተቻለው በ44 በመቶው ብቻ ነበር፤ ከተገመተውም ከግማሽ በላዩ በካቴተር ከተለካው ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ተለያይቷል። በዚህ ቁጥር መድኃኒት ይታዘዛል? የግራ ልብ ድካም፣ በሳንባ የተሰነቀረ የደም መርጋት፣ በእንቅልፍ የትንፋሽ መቆራረጥ መኖሩስ ተፈትሿል?

ዕድሜ ማራዘሙ የተመሰከረለት ኦክስጅን ነው፤ እሱም በሰዓት ይቆጠራል። በ1981 የታተመው የብሪታንያ ጥናት በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ከወሰዱት 42 ታማሚዎች በአምስት ዓመት 19 ሲሞቱ፣ ካልወሰዱት 45 ሰዎች 30 ሞተዋል። የሚገባቸው ሕመሙ ከተረጋጋ በኋላ ተለክቶ የደም ወሳጅ ኦክስጅናቸው 55 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በታች ለሆነ ነው። እስከ 60 ድረስ ያላቸውም እግራቸው ካበጠ፣ የቀኝ ልባቸው ከተጨነቀ ወይም ሄማቶክሪታቸው (በደማቸው ውስጥ የቀይ የደም ሕዋሳት ድርሻ) ከ55 በመቶ ካለፈ ይገባቸዋል። በአብዛኛው በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ 1 ወይም 2 ሊትር ተጀምሮ ኦክስጅኑ ከ60 እንዲያልፍ ይስተካከላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንዳይከማች የደም ጋዝ ምርመራ ይደገማል። ሲጋራም ሆነ እሳት አጠገቡ አይደርስም።

የሚበላሸው የት እንደሆነ በሽታውን የሚያክም ሁሉ ያውቀዋል። ታማሚው «ሱስ ይሆንብኛል» ይላል፣ ሲበላ ያወልቀዋል፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ብቻ ያበራዋል። የትንፋሽ ማጠርና የደም ኦክስጅን ግን አብረው አይወጡም አይወርዱም፤ በዕረፍት ደህና የሚመስለው ሰው የደሙ የኦክስጅን ሙሌት 84 በመቶ ላይ ሊሆን ይችላል። በቀን አራት ሰዓት የተወሰደ ኦክስጅን የሳንባ ቧንቧን መጥበብ ለማላላት አይበቃም።

የኮንሰንትሬተሩ (ከአየር ኦክስጅን የሚለየው ማሽን) ሰዓት ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ አካል ላይ አለ። ወሩን ሙሉ ከ450 ሰዓት (በቀን 15 ሰዓት) በታች ካሳየ፣ ሐኪሙ የክኒን ማዘዣውን ከማንሳቱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ እዚያ ላይ ተጽፏል።