ልጅቷ እምቢ ብላለች፣ አለቀ

መለሰው። ራሱ ደውሎ «ለበዓል እትም አንድ የፍቅር ታሪክ ጻፊልኝ» ያለኝ ሰውዬ ታሪኬን መለሰው። ፊደል ከሳትኩ እለፉኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ያነበባችሁልኝ ታውቁታላችሁ። እናት ለልጇ ባል ትፈልጋለች። የማኅበር ጓደኛዋ ልጅ ከአሜሪካ ለዕረፍት መጥቷል። ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይቀርባል፣ ልጅቷም ምንም ሳይነገራት ትጠራለች። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ጨዋ ነው። አልወደደችውም ግን። ሲኒውን አጥባ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ታሪኩ እዚያ ያልቃል።

ሰውዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አጻጻፍሽ ቆንጆ ነው። መጨረሻ ግን የለውም።»

«አለው እኮ። እምቢ አለች።»

«እሱማ መሃሉ ነው። እናትየዋ ለፍታ ለፍታ ባዶ እጇን ትቅር? አንባቢ ያዝናል እኮ፣ እህቴ። ዝናብ አምጪ፣ አንድ ታክሲ ውስጥ አገናኛቸው፣ ይጋቡ።»

«ካልወደደችውስ?»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ አንቺ አግብተሻል?»

«አላገባሁም።»

«እ... ለዛ ነዋ!»

ለዛ ነዋ! እዚያው መጽሔት ላይ በየእትሙ የትዳር ምክር የሚጽፈው ልጅ እስካሁን እናቱ ቤት ነው የሚበላው። እሱን ማን ጠየቀው? እኔ ስሆን ግን አንዲት ሴት እምቢ አለች ብዬ ስለጻፍኩ የቤቴ ጓዳ ይፈተሻል።

ነገሩ የእሱ ብቻ አይደለም፣ ያቃጠለኝም ይሄ ነው። ቴሌግራም ላይ ግቡ። ክፍል 1፣ ክፍል 2፣ «ላይክ ካደረጋችሁ ክፍል 3 ይቀጥላል»። ሬዲዮ ክፈቱ፣ የሚተረከው እሱው ነው። እናት ሁሉን አስቀድማ ታያለች። ልጅ ትኮራለች፣ ታኮርፋለች፣ በር ትዘጋለች። በመጨረሻ ሰርግ። የልጅቷ እምቢታ ወጡ ላይ ጣል እንደሚደረግ ቅመም ነው፣ ማንም ከምር አይሰማውም። ይህን እያነበበ ያደገ ወንድ ነገ አንዷ «አልፈልግም» ስትለው ክፍል 2 ላይ ያለ ይመስለዋል። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ደግሞ ስለሚጽፉት ነገር እንኳ አያውቁም። አንዱ ባለፈው መጋቢት አጋማሽ ላይ ሰርግ ደገሰ። በሁዳዴ! ሙሽሮቹ ተክሊል ያደረጉ ናቸው፣ እንግዳው ደግሞ ጥሬ ሥጋ ይቆርጣል። ይህን ያህል ሕዝብ «ዋው» ብሎ ሲያልፈው አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም። ባል ፈላጊ እናትስ እንዲህ ናት እንዴ? የእኛዎቹ እኮ ልጁን ከማየታቸው በፊት አያቱን ያውቃሉ። የማን ልጅ ነው፣ አገሩ የት ነው፣ የትኛው ደብር ነው የሚያስቀድሱት፣ ሰባት ቤት ድረስ ተቆጥሮ ዝምድና አለ ወይ። ያ ሁሉ ምርመራ ለጸሐፊ የወርቅ ጉድጓድ ነበር። ማንም አልቆፈረውም።

የአሜሪካውን ጉዳይማ ተዉት። ታሪኩ ሁልጊዜ ኤርፖርት ላይ ያልቃል፣ እቅፍ አበባ፣ እንባ። በእጮኛ ቪዛ የሄደች ልጅ በገባች በ90 ቀን ውስጥ ማግባት አለባት። ካላገባች መመለስ ነው። ዘመድ የለ፣ የራሷ ገንዘብ የለ፣ ቡና ላይ ያየችው ሰው ቤት ተቀምጣ ቀን ትቆጥራለች። ይሄ ታሪክ አይሆንም? «አንባቢ ያዝናል።» ይዘን እንጂ!

ባለፈው ልቅሶ ቤት «ነፍስ ይማር» ብዬ ሳልጨርስ አክስቴ ስልኳን አወጣች። የሟቹ ፎቶ መስሎኝ ተቀበልኳት። አንድ ሰውዬ መኪና ተደግፎ ይስቃል። «የኔ ልጅ፣ ኢንጂነር ነው፣ አይጠጣም።» ሬሳው ገና አልወጣም! ጥር በገባ ቁጥር ደግሞ በሰው ሰርግ ላይ «የአንቺንም ያሳየን» የሚሉ እትዬዎች እጄን አይለቁም። አሜን ብዬ ብዬ ደከመኝ።

እናቴን ግን ለማንም አልሰጥም። የጻፍኩትም በእሷ ለማሳቅ አይደለም። እማዬ ስትዳር የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይበቃታል ይል ነበር፣ ለወንድ 18። ለሁለቱም 18 የሆነው በ1992 የቤተሰብ ሕጉ ሲሻሻል ነው። እሷን ማንም አልጠየቃትም። አባቷ ሽማግሌ ተቀበለ፣ እሷ ደግሞ ጓዳ ሆና ሰማች። ታዲያ እኔን ቡና ላይ መጥራቷ በእሷ ዘመን ሚዛን ትልቅ ነፃነት ነው። ይሄ ይገባኛል። ታሪኩ ውስጥም እናትየዋ ማታ ላይ «እኔ ስሞት ማን አለሽ?» ትላለች። ይቺን አንድ መስመር ለመጻፍ ስንት ሌሊት እንደተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እሷን ሰርዟታል። በቀይ። «ጨለመ፣ በዓል ነው» ብሎ ጽፎባታል።

ክፍያውም እንዲህ የሚያስጨንቅ ቢሆን እሺ። የፋሲካውን እስካሁን አልከፈለኝም እኮ! «ሂሳብ ክፍሉ ታሟል» ይለኛል። ክፍል ይታመማል?

አልቀይረውም። ዝናብ የለም፣ ታክሲ የለም። ልጅቷ አላገባችውም፣ እናቷም አዝናለች፣ ሁለቱም እውነት ነው። ታሪኩን እንዳለ የሚያወጣ ቦታ የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ። «አንድ ጥሩ ልጅ አለ» የሚል መልእክት ግን እንዳይላክልኝ። በተለይ አንቺ፣ ራስሽን ታውቂያለሽ።