በዛብህንና ሰብለን የለያያቸው ጉልት ነው

የሀዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተነሳ ቁጥር ወሬያችን ሁለቱ ወጣቶች፣ በዛብህና ሰብለ ላይ ይቆማል። የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካም ለዚህ ሳያግዝ አልቀረም፤ ያን ድምፅ እየሰማ ስለ ግብር የሚያስብ ማን አለ? የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ግን «ክፉ አባት» ብለን ካለፍናቸው መጽሐፉን በግማሹ ነው ያነበብነው።

ታሪኩ የሚካሄደው ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበረው ጎጃም ነው። የዚያ ዘመን ጎጃሜ ገበሬ ርስት ነበረው፤ በእናቱም በአባቱም በኩል እየቆጠረ አገሩን ካቀናው ዋና አባት ይደርስና ድርሻዬን ይላል። በርስቱ ላይ ደግሞ ባለጉልቱ፣ ማለትም ከገበሬው ግብር የመቀበል መብት የተሰጠው ሹም፣ አለ። መሬቱን አያርስም፤ ከምርቱ ግን ይወስዳል፣ ጉልበት ያሠራል፣ ይዳኛል፣ ለዓመት በዓል እጅ መንሻ ይቀበላል። ስለዚህ ዘር መቁጠር የትዕቢት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፣ እንጀራ ነበር። የሚገርመው ግን በዚያ አቆጣጠር መኳንንቱና ገበሬው ብዙ ጊዜ አንድ ዋና አባት ላይ ይገናኛሉ። የሚለያያቸው ሹመቱና ጉልቱ ነው። «አጥንት» የሚባለው የዘር ክብር ያን ያህል ጮክ ተብሎ የተወራውም ለዚህ ይመስለኛል።

ፊታውራሪው የመጣውን ባል ፈላጊ ሁሉ በዘር እያነሰባቸው ሲመልሱ የሰብለ ወንጌል ዕድሜ ይገፋል፤ የጨዋ ልጅ ገና በልጅነቷ በምትዳርበት አገር! ጋብቻ የሁለት ቤቶች ውል ነውና ዝቅ ያለ አማች ቤቱን ይዞት ይወርዳል።

በዛብህ ደግሞ የደሃ ገበሬ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ በስለት ለእግዚአብሔር ሰጥተውታል። ፊታውራሪ ቤት ገብቶ ሰብለን ለማስተማር ያበቃው የቤተ ክህነት ትምህርቱ ነው። ደብተራ ይከበራል፣ አንዳንዴም ይፈራል፤ ልጅ ግን አይሰጠውም። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ሁለቱም ሳይጠየቁ የሰው ዕዳ መክፈያ መሆናቸው ነው፤ እሱ የወላጆቹን ስለት፣ እሷ የአባቷን ክብር።

የአመፀኞቹን ገበሬዎች መሪ የአበጀ በለውን ምዕራፎች «ከፍቅሩ ያወጡናል» ብለው የሚዘሉ አንባቢዎች አሉ። የመጽሐፉ ልብ እዚያ ነው ባይ ነኝ። ገበሬዎቹ እምቢ ብለው ሲነሱ፣ ፊታውራሪውም ሊቀጧቸው ዘምተው ሲማረኩ፣ ሰብለን ባል ያሳጣት ክብር በምን ላይ ቆሞ እንደነበር ይታያል። ገበሬው እጁን ከሰበሰበ የሚተርፈው የማዕረግ ስም ነው። ይህን አስቀድሞ የተናገረው ካሣ ዳምጤ ትርፉ «ጉዱ» መባል ሆነ።

ልቦለዱ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዓመት በፊት ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጥተዋል፤ በዚያው በ1958 ደግሞ ጉልት በአዋጅ ቀረ። በ1960 የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ጠመንጃ አነሳ። ይህኛው አመፅ የአበጀ በለው አመፅ ቅጂ አይደለም። የ1960ው ገበሬ መሬቴ ተለክቶ ርስቴን እነጠቃለሁ ብሎ የሰጋው ከመንግሥት ነው፣ ደጁ ላይ ካለው ፊታውራሪ አልነበረም። ሀዲስ ዓለማየሁ ግን እዚያው ጎጃም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸውና የአገራቸው ገበሬ መቼ ችሎ መቼ እምቢ እንደሚል ከአዋጅ ነጋሪዎቹ ይልቅ ያውቁ ነበር።