ለ«ዝም ብለህ ክፈተው» ማኅበርተኞች የቀረበ ሙገሳ

እጃቸው ይባረክ! ክላውድ ላይ የተጫነ ዌብ ሰርቨር ከውጭ አልከፈት ሲል ችግሩን መፈለግ የሥራ ፈት ጠባይ መሆኑን ያስተማሩን እነርሱ ናቸው። ብልህ ሰው አጥሩን ያፈርሳል እንጂ ቁልፍ አይፈልግም። የክላውዱ ፋየርዎል (ገቢውን የሚያጣራው ዘበኛ) በሆነው ሴኩሪቲ ግሩፕ ላይ ከ0 እስከ 65535 ያለውን ፖርት፣ ማለትም የማሽኑን የኔትወርክ በር፣ በሙሉ ለ0.0.0.0/0 (ለዓለም ሁሉ) ይፈቅዳል፤ የማሽኑን ፋየርዎል ያጠፋል፤ ሆም ፎልደሩን ከነሆድ ዕቃው 777 (ማንም የሚያነበውና የሚጽፍበት) ያደርጋል፤ ፕሮግራሙን ሁሉ በተፈቀደለት ተጠቃሚ፣ በሩት፣ ያስነሣል። ከአራቱ የትኛው እንደጠቀመ መጠየቅ ነገር ማብዛት ነው።

እኛ ፈሪዎቹ ብሮውዘሩ ያለውን እናነባለን። ገጹ ሲዞር ቆይቶ «ታይምአውት» ካለ ብዙ ጊዜ ጥያቄውን መንገድ ላይ ፋየርዎል ውጦታል። ወዲያው «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ ግን ጥያቄው ማሽኑ ዘንድ ደርሶ፣ ፖርቱ ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም አጥቶ ተመልሷል ማለት ነው። እነርሱ እንዲህ ያለ ወሬ አይሰሙም፤ ለሁለቱም መድኃኒታቸው አንድ ነው።

አጥሩ ፈርሶ ገጹ አሁንም እንቢ ሲል ደግሞ ጽናታቸውን እዩ! ፕሮግራሙ የሚያዳምጠው 127.0.0.1 ላይ ነው፤ ከራሱ ማሽን ለሚመጣ ካልሆነ ለማንም አይመልስም። «ኤስኤስ» የምትባለውን ትእዛዝ አሂዶ የሚያዳምጡትን ፖርቶች ማየት የአምስት ሰከንድ ሥራ ነበር። ከዚያ ፕሮግራሙን እዚያው 127.0.0.1 ላይ ትቶ ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተላልፈውን ዌብ ሰርቨር፣ ኤንጂንኤክስን፣ ከፊቱ ማቆም፣ ለውጭው ሰው የዌብ ፖርቶቹን 80ን እና 443ን፣ ለራስ አድራሻ ብቻ ደግሞ 22ን (ማሽኑን ከርቀት የሚያስገባውን የኤስኤስኤች ፖርት) መክፈት ይበቃል። ጀግናው ግን ፕሮግራሙ የሚያዳምጥበት አድራሻ ላይ ፐብሊክ አይፒውን ይጽፋል። በብዙ ክላውዶች ማሽኑ የሚያውቀው የውስጥ አድራሻውን ብቻ ስለሆነ ፕሮግራሙ ጭራሹን አይነሣም። ፋየርዎሉም እንደገና ይጠፋል፤ ቀድሞ መጥፋቱ አያድነውም።

ልግስናቸውስ! ገጹን ሊያዩ ለመጡት የዳታቤዞቹን ፖርቶች፣ 3306ን (ማይኤስኪውኤል)፣ 6379ን (ሬዲስ)፣ 27017ን (ሞንጎዲቢ) መርቀው ይሰጣሉ። እንግዳ ይጠፋል ብላችሁ አትስጉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ዜድማፕ የተባለ የቅኝት ፕሮግራም የኢንተርኔቱን የአይፒቪ4 አድራሻዎች በሙሉ በአንድ ፖርት ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማንኳኳት ይችላል። በ2017 መጀመሪያ ላይም ያለ ይለፍ ቃል ክፍት የተተዉ የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች በሺዎች ተጠርገው፣ በቦታቸው «ገንዘብ ክፈሉ» የሚል መልእክት ተገኝቷል። መልእክት ትቶ የሚሄድ ጨዋ እንግዳ ነው።

(በሊኑክስ ፋየርዎል ማዘዣው በዩኤፍደብሊው ዘግቻለሁ ብሎ ደረቱን የነፋውም ጥንቁቅ ቢሆን ከማኅበሩ አይቀርም። ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር የሚያስኬደው ዶከር የ6379ን ፖርት እንዲያወጣ 6379:6379 ተብሎ ሲታዘዝ የራሱን ደንብ አይፒቴብልስ (የሊኑክስ የፋየርዎል ደንብ መዝገብ) ውስጥ ስለሚጽፍ የዩኤፍደብሊውን ክልከላ አልፎ ይከፍተዋል። 127.0.0.1:6379:6379 ብሎ መጻፍ ግን አሥር ፊደል ያስጨምራል፤ ማን ይደክማል?)

ለዚህ ሁሉ ቸርነት ውለታ ያልመለሰ ኤስኤስኤች ብቻ ነው። ሆም ፎልደሩን ማንም ሊጽፍበት እንደሚችል ሲያይ፣ በውስጡ የተቀመጠውን የቁልፍ ዝርዝር አላምንም ብሎ የባለቤቱን ቁልፍ ይመልሳል። እናም ለዓለም ሁሉ ክፍት በሆነው ማሽን ደጅ ላይ ባለቤቱ ብቻ ቆሞ ያንኳኳል፤ «ፐርሚሽን ዲናይድ»።