«ቀደም ብላችሁ ኑ» መልስ አይደለም

ትልቅ ውድድር ሲቃረብ የሚሰጥ የጸጥታ መግለጫ አንድ ምክር አያጣም። ተመልካቹ ቀደም ብሎ ይምጣ፤ ፍተሻው ለራሱ ደኅንነት ነውና ይታገሥ። ሰሞኑንም አንድ የጥበቃ ኃላፊ ይህንኑ ሲደግሙት ሰማሁ። ይባስ ብለው፣ ሰልፍ ላይ ቆሞ የጨዋታው መጀመሪያ ያመለጠው ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው አሉ። ደሜ ፈላ።

እስቲ እንቁጠር። 60,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም አለ እንበል። የፍተሻ መስመሩም 60 ይሁን። በአንድ መስመር 1,000 ሰው ያልፋል ማለት ነው። ቦርሳ ተከፍቶ፣ ኪስ ተዳብሶ፣ ትኬት ታይቶ ለአንድ ሰው 15 ሰከንድ ይፍጅ። ይሄ እንኳ ፈጣን ነው። ቀበቶህን ፍታ፣ ስልክህን አውጣ፣ ውሃህን ጣል የሚባልበት ሰልፍ እንዲህ አይሮጥም። በዚህ ሂሳብ የመጨረሻው ሰው የሚገባው ፍተሻው በተጀመረ በ4 ሰዓት ከ10 ደቂቃው ነው። በሩ የሚከፈተው ግን ብዙ ጊዜ ጨዋታው ሊጀመር ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ሲቀረው ነው። ታዲያ ያረፈደው ማን ነው? ሁሉም ሰው ጎህ ሲቀድ ቢመጣ ሰልፉ ጎህ ሲቀድ ይጀመራል እንጂ አያጥርም። የጠበበው በሩ ነው!

«አረፈዳችሁ» የሚለው ሰበብ ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሊቨርፑልና ሪያል ማድሪድ ለሻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ ፓሪስ ላይ ሲገናኙ ጨዋታው ከ30 ደቂቃ በላይ ዘገየ። የስታዲየሙ ስክሪን ምን አለ? ደጋፊዎች አርፍደው ስለመጡ ነው አለ። አርፍደው! ከሰዓታት በፊት ደርሰው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ተፋፍገው የቆሙ ሰዎች ነበሩ እኮ። አስለቃሽ ጭስም ተረጨባቸው። የፈረንሳዩ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዤራልድ ዳርማናን ከ30,000 እስከ 40,000 ሰው ያለ ትኬት ወይም በሐሰተኛ ትኬት መጥቷል አሉ። በሮቹ ላይ የተገኘው ሐሰተኛ ትኬት 3,000 እንኳ አልሞላም። በኋላ የአውሮፓ እግር ኳስ የበላይ አካል ዩኤፋ ራሱ ያቋቋመው ገለልተኛ አጣሪ ቡድን ዋናውን ተጠያቂነት ያሸከመው ዩኤፋን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዙ የሂልስቦሮ ስታዲየምም ያው ነበር። በመጨናነቅ 97 ሰው አለቀና ፖሊስ አርፍደው፣ ሰክረው መጡ አለ። ደጋፊዎቹ ጥፋት እንደሌለባቸው በጁሪ ፊት እስኪረጋገጥ 27 ዓመት ፈጀ። ልጁን የቀበረ ወላጅ 27 ዓመት ሙሉ ያንን ውሸት ሲሰማ ኖረ። ስለዚህ ይህን ቃል ዛሬም እንደ ዋዛ የሚወረውር ኃላፊ አፉን ቢይዝ ይሻለዋል።

ፍተሻ ይቅር አላልኩም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2015 ፈንጂ የታጠቁ ሰዎች የፓሪሱ ስታድ ደ ፍራንስ ስታዲየም ውስጥ አልገቡም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን የሆነውን ልብ በሉ። ፈንጂው የፈነዳው ከውጭ ነው። ጨዋታው ተጀምሮ ስለነበር ሕዝቡ ውስጥ ነበር፤ በዚያ ስፍራ አንድ አላፊ አግዳሚ ሞተ። ያ ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት በር ላይ ተኮልኩሎ ቢሆን ኖሮስ? ማሰቡ ይከብዳል። በር ላይ የታጨቀ ሰልፍ ያልተፈተሸ ሕዝብ ነው። መውጫ የለውም፣ የሚከልለው ነገር የለም። እኛን ለመጠበቅ ብለው በጣም አደገኛው ቦታ ላይ ያቆሙናል።

አጥቂም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2022 በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ካሜሩን፣ ያውንዴ በሚገኘው ኦሌምቤ ስታዲየም መግቢያ ላይ 8 ሰዎች ተረጋግጠው ሞቱ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ፓትሪስ ሞትሴፔ ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ እንደነበር ተናግረዋል። አንድ በር! ኳስ ሊያዩ የመጡ ሰዎችን የገደላቸው የተዘጋ በር ነው።

ሌላም ኪሳራ አለ፤ ማንም ሪፖርት ላይ የማይጽፈው። ብሔራዊ መዝሙሩን ከአጥር ውጭ ቆሞ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ውስጥ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ጎል ገብቷል፣ አንተ ቀበቶህን በእጅህ ይዘህ ቆመሃል። ልጅህ ማን እንዳገባ ይጠይቅሃል፣ አታውቅም። ወር ሙሉ ሲጠብቃት የነበረች ደቂቃ ናት። ተመልሳ አትመጣም።

በሚቀጥለው መግለጫ ስንት ፖሊስ እንደተሰማራና ስንት ካሜራ እንደተተከለ ብቻ አይነገረን። ስንት የፍተሻ መስመር እንደሚሠራ፣ በስንት ሰዓት እንደሚከፈትና አንድ ሰው ቢበዛ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም ይነገረን። ሰልፉ ላይ ውሃና መጸዳጃ ይኑር። ሰው ሳይገባ ደግሞ ጨዋታው አይጀመር፤ ከተጀመረም ውጭ የቀረው ባለ ትኬት ገንዘቡ ሳይለምን ይመለስለት።