ሲንተሳይዘሩ ይገዛ ወይስ ይቅር? ከደብረ ብርሃን ስቱዲዮዎች አንጻር

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት በየሰው ቤት ጓዳ የሚሠሩ አነስተኛ የሙዚቃ ስቱዲዮዎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ናቸው፤ ላፕቶፕ፣ የድምፅ ካርድ፣ ማይክራፎንና ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ቤት ውሎ የሚመለስ አንድ ኪቦርድ ካለ ሥራው ይጀመራል። በእነዚህ ክፍሎች የሚሠሩ ወጣት አቀናባሪዎች ትንሽ ገንዘብ ሲቋጥሩ ከሚከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በማዞሪያዎቹ ድምፅ የሚፈጠርበትን ትንሹን ሲንተሳይዘር መግዛት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። አንደኛው ወገን «ላፕቶፑ ውስጥ የሌለ ድምፅ የለም፤ ገንዘቡን ውኃ በላው ማለት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከኮምፒውተር የሚወጣ ድምፅ ነፍስ የለውም» ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ክርክሩን የድምፅ ጥራት ላይ ስላሰሩት ዋናውን ጉዳይ የዘለሉት ይመስለኛል። በእኔ እምነት መሣሪያው ሊገዛ የሚገባው ለቅኝታችን የሚታዘዝ ከሆነና ገዢውም እንዲታዘዝለት ለማድረግ ጊዜ ካለው ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ይህ መሣሪያ የሠርጉን ኪቦርድ ሥራ በትንሽ ሣጥን ውስጥ የሚሠራ አለመሆኑ መታወቅ አለበት። የሠርጉ ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ 61 ቁልፍ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የተዘጋጁ ድምፆችና በፍላሽ የሚጫኑ የችክችካ ሪትሞች ስላሉት አንድ ሰው ብቻውን የባንድ ሥራ ይሠራበታል። በሲንተሳይዘሩ ግን ኦሲሌተሩ ጥሬ ሞገድ ያወጣል፣ ፊልተሩ ከዚያ ላይ ይቀንሳል፣ ኤንቨሎፑ ድምፁ እንዴት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚከስም ይወስናል፤ የቀረው የባለቤቱ ጆሮ ነው። በዚያ ላይ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው ኖታ በቁጥር የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣውን ሚኒሙግ ሞዴል ዲ መሠረት አድርጎ የተሠራው የቤሪንገር ሞዴል ዲ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ያሰማል፤ ኮርግ የተባለው ኩባንያ ከሚሠራቸው ቮልካ ከተባሉ ትንንሽ መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ቮልካ ኪስ ሦስት፣ የዚያው ኩባንያ ሚኒሎግ ደግሞ አራት። ይህንን ሳያጣራ ኪቦርዱን ሸጦ ሲንተሳይዘር የገዛ ተጫዋች ሙሽሮቹ ዳስ ሲገቡ በአንድ ጣት ሊቀበላቸው ነው፤ ሚዜዎቹ ምን እንደሚሉት መገመት አያዳግትም።

ወደ ቅኝቱ እንምጣ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ያሏቸው ቅኝቶች ሲሆኑ፣ በኪቦርድ ላይ የምንጫወታቸው ግን አንድ ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍሎች በተከፈለበት አስተካከል ነው። አንቺ ሆዬን ከሲ ብንጀምረው ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላትና ኤ ይወጣል፤ በወረቀት ላይ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የመንዝ አዝማሪ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ጣቱ የሚያርፈው ሁልጊዜ ቁልፎቹ ባሉበት ልክ አይደለም፤ ዲ ፍላት ከምንለው ጥቂት ከፍ፣ ጂ ፍላት ከምንለው ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል፣ ልኩም ከተጫዋች ተጫዋች ይለያያል። ማሲንቆ ቀርጾ ከሥሩ የኪቦርድ ድምፅ የዘረጋ ሁሉ ሁለቱ ሲጋፉ የሚፈጠረውን መንቀጥቀጥ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ እንደ መፍትሔ የሚወሰደው ማሲንቆውን በሶፍትዌር ጎትቶ ከኪቦርዱ ጋር ማስተካከል ነው፤ ይህ ለእኔ ለእንግዳ ሲባል ባለቤቱን ከመደቡ እንደ ማስነሣት ያለ ነገር ነው።

ነገሩን መገልበጥ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ገበያ ላይ የዋለው የኮርግ ሞኖሎግና በ2019 የተከተለው ሚኒሎግ ኤክስዲ፣ ተጠቃሚው የራሱን የድምፅ አስተካከል አዘጋጅቶ እንዲያስቀምጥባቸው ይፈቅዳሉ። አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከብድም። ማሲንቆ ተጫዋቹ ቅኝቱን ቀስ ብሎ ድምፅ በድምፅ ያሰማል፤ ስልክ ላይ በተጫነ የመቃኛ አፕሊኬሽን እያንዳንዱ ድምፅ ከቁልፉ በስንት ሴንት እንደሚርቅ ይመዘገባል (የግማሽ ድምፅ ርቀት 100 ሴንት ነው)፤ ከዚያም ቁጥሩ በመሣሪያው ላይ በየኖታው ይሞላል። ይህ ከተደረገ በኋላ የሲንተሳይዘሩ ባስ ማሲንቆውን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አይጋፋውም። ቮልካ ኪስ ግን ይህ ችሎታ የለውም፤ ስለዚህ ሻጩን ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለብን ስለዚሁ ነው።

«ላፕቶፑ ይበቃል» የሚሉትም እዚህ ላይ ተገቢ መልስ አላቸው። ሰርጅ ኤክስቲ የተባለው ሶፍትዌር ሲንተሳይዘር በነፃ የሚገኝ ሲሆን የድምፅ አስተካከል ፋይሎችንም ያነባል። እኔም ለሚጠይቁኝ ወጣቶች የምመክረው በእርሱ እንዲጀምሩ ነው፤ ምክንያቱም በነፃ ባገኘው ሶፍትዌር አንድ ቅኝት ያልቃኘ ሰው በብዙ ሺህ ብር በገዛው መሣሪያ ይቃኛል ብሎ ማመን ያስቸግራል። የመሣሪያው ጥቅም የሚታየው ከዚያ በኋላ፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ስትጫወቱ ነው። ተጫዋቹ ድምፁን ሲያጎላ ግራ እጅ የፊልተሩን ማዞሪያ ከፈት ያደርጋል፣ ሲያለሳልስ ይመልሰዋል፤ ከአንድ ኖታ ወደ ሌላው ተንሸራቶ የሚያልፈው ግላይድ ደግሞ የማሲንቆውን መንሸራተት ይመስላል። ዓይን ስክሪን ላይ ተተክሎ በማውዝ ይህንን ማድረግ ይቻል ይሆናል፤ አዝማሪው ግን ከሚያየው ሰው ጋር እንጂ ኮምፒውተር ላይ ካቀረቀረ ሰው ጋር መጫወት አይወድም።

የደብረ ብርሃን ተወላጁ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ በቀረጹት ሥራቸው በወጣትነታቸው የለመዱትን አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር አገናኝተውት ነበር። እዚያ ውስጥ የሚመራው የአገሩ ዜማ ነው፤ ማሽኑ አጃቢ ነው። የምለው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።

ሪትሙን በተመለከተ ብዙዎቹ ትንንሽ ሲንተሳይዘሮች 16 ደረጃ ያለው ሲኩዌንሰር፣ ማለትም በየደረጃው የተሞሉለትን ኖታዎች በራሱ እየደጋገመ የሚያጫውት ክፍል ይዘው ይመጣሉ፤ ይህ በአራት ምት ለሚሄድ ሙዚቃ የተመቸ ነው። በስድስት ስምንተኛ የሚሄደው ችክችካ በ16 ደረጃ ውስጥ ሲገባ ሁለተኛው ዙር ላይ ይዛነፋል። መፍትሔው አራቱን ደረጃዎች አጥፍቶ በ12 ብቻ ማስኬድ ነው፤ ቮልካዎቹም ሳይቀሩ ደረጃ የሚያስዘልል አሠራር አላቸው። ይህ የሌለው መሣሪያ ለእኛ ግማሽ መሣሪያ ነው።

በማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ፣ ለሰሜን ሸዋ ሰው ግን ወሳኝ የሆነ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ብርዱ ነው። የአናሎግ፣ ማለትም ድምፁን በቁጥር ስሌት ሳይሆን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ሞገድ የሚፈጥር ኦሲሌተር ድምፅ ከሙቀት ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ማታ ያልሞቀ ክፍል ውስጥ ያደረ የአናሎግ መሣሪያ ጠዋት ሲከፈት ከቃና ውጭ ሆኖ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። የሞዴል ዲ መመሪያ ራሱ ከቀረጻ በፊት ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ ከብርድ የመጣ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ እንዲሞቅ ይመክራል። መሣሪያውን ይዞ ጣርማ በርን ተሻግሮ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ከብርድ ወደ ቆላ ሙቀት ስለሚገባ፣ እንደ ደረሰ ሳያስተካክል መጫወት አይችልም። ሞኖሎግና ሚኒሎግ ራሳቸውን የሚያስተካክሉበት አሠራር ስላላቸው ጣጣው ይቀንሳል፤ ድምፃቸውን በዲጂታል የሚፈጥሩት ደግሞ ይህ ችግር አይነካቸውም። አናሎግን በስሙ ብቻ የሚያመልኩ ወዳጆቼ ይህ ሲነገራቸው ደስ አይላቸውም። ነገር ግን ሰዓት ቆጥሮ የሚከፍል ድምፃዊ ሲንተሳይዘር እስኪሞቅ ድረስ ጋቢ ለብሶ አይጠብቅም።

የግንኙነቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ቁልፍ የሌለውን ሞጁል የሚገዛ ሰው የሚዲ ኪቦርድ ያስፈልገዋል (ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የኖታ ትእዛዝ የሚላላኩበት ዘዴ ነው)፤ ያለው ኪቦርድ ዩኤስቢ ብቻ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹን ሞጁሎች ያለ ኮምፒውተር በቀጥታ ሊያዛቸው አይችልም። ሁለቱም ባለ አምስት እግሩ ክብ የሚዲ መሰኪያ ካላቸው ችግሩ ይቀራል። መሣሪያው በዘመድ እጅ ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነም አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው መነበብ አለበት፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ተሰክቶ አይተርፍም። መብራት በሚቆራረጥበት ሠፈር በስድስት ትንንሽ ባትሪዎች የሚሠሩት ቮልካዎች ሥራ ሳይፈቱ የሚያመሹ መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም።

ዋጋውን በተመለከተ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሲወጣ 150 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው ቮልካ በቀድሞው ተመን 8,550 ብር ሲሆን፣ በእጥፉ ከ17,000 ብር ያልፋል። 650 ዶላር ገደማ ይጠየቅበት የነበረው ሚኒሎግ ኤክስዲ ደግሞ ከ37,000 ብር ተነሥቶ ከ74,000 ብር በላይ ይደርሳል፤ ቀረጡና 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ገና አልተነካም። ለደብረ ብርሃን ስቱዲዮ ይህ የብዙ ቀረጻ ገቢ ነው። መሣሪያው ቢበላሽም በአቅራቢያ የሚጠግነው ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ልሽጠው ቢሉም ገዢው ያለው አዲስ አበባ ነው።

እንግዲህ ኑሮው በሠርግ ላይ የተመሠረተ ተጫዋች ይህንን መሣሪያ ባይገዛ ይሻላል፤ ገንዘቡን ኪቦርዱን ለማሳደግ ያውለው። ማሲንቆና ክራር አዘውትሮ የሚቀርጽ፣ ቅኝቶቹንም በነፃው ሶፍትዌር ቃኝቶ የጨረሰ አቀናባሪ ግን የራሱን አስተካከል የሚቀበል፣ የፈጠረውን ድምፅ በውስጡ የሚያስቀምጥና በብርድ ብዙም የማይዋዥቅ አንድ መሣሪያ ቢገዛ አላዝንበትም፤ ከማውቃቸው ውስጥ ሚኒሎግ ኤክስዲን አስቀድማለሁ። አቅሙ ለእርሱ የማይደርስ ከሆነ ደግሞ ቅኝት የማይቀበል ርካሽ መሣሪያ ገዝቶ ከመጽናናት ይልቅ ለማሲንቆው የተሻለ ማይክራፎን ይግዛለት።