ቪታራ ወይስ ዳስተር? መጀመሪያ ሞተሩን ምረጡ

አነስተኛ የቤንዚን ኤስዩቪ በመጠነኛ ዋጋ የሚፈልግ ሰው ዞሮ ዞሮ ሁለት ስሞች ላይ ይደርሳል፦ ሱዙኪ ቪታራና ዳስተር። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መልክ፣ ስለ ስክሪኑ ስፋትና ስለ ወንበሩ ልብስ ነው። እኔ ግን ከመኪኖቹ በፊት ሞተሮቹ መመረጥ አለባቸው ባይ ነኝ። በአንዱ ዳስተርና በሌላው ዳስተር መካከል ያለው የሞተር ልዩነት በዳስተርና በቪታራ መካከል ካለው ይሰፋልና።

ስሙንም ማጥራት ያስፈልጋል። እዚህ ቪታራ የምለው እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ የቀረበውን፣ ወደ 4.17 ሜትር የሚረዝመውን ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ግራንድ ቪታራ በብዙዎቹ ሞዴሎቹ ለጭቃና ለዳገት የሚያግዝ ሎው ማርሽ ነበረው፤ ይኼኛው የለውም። በ2022 በህንድ የወጣው ግራንድ ቪታራም ሆነ 4 ሜትር የማይሞላው ብሬዛ ሌላ መኪና ናቸው፤ መለዋወጫቸውም እንደዚያው። ዳስተር በበኩሉ በ2010 የጀመረ ሲሆን፣ በ2017 መጨረሻ በሁለተኛው ትውልድ ተተካ። አንዳንድ ገበያ ላይ ዳቺያ፣ ሌላው ላይ ሬኖ የሚል አርማ ይለጠፍበታል፤ መኪናው ያው ነው።

የቪታራ ምርጫ ቀላል ነው። ባለ 1.6ቱ 120 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) የለውም፣ ታይሚንጉ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው) በካቴና ነው፣ ቤንዚኑም የሚረጨው ከመግቢያ ቫልቩ በፊት ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል እንጂ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ቤንዚኑ ቫልቩን እያጠበ ስለሚገባ ካርቦን አይጋገርበትም። ድክመቱ የማዞር ኃይሉ (ቶርኩ) 156 ኒውተን ሜትር ብቻ መሆኑ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ያጣል። 2,500 ሜትር ላይ ያ 120 ወደ 90 ገደማ ይወርዳል፤ አምስት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ ዳገት ላይ መቅደም ያን ጊዜ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ባለ 1.4ቱ ቡስተርጄት ይህን ጉድለት ይሞላል። 140 የፈረስ ጉልበትና 220 ኒውተን ሜትር አለው፣ ቱርቦውም የከፍታውን ኪሳራ አብዛኛውን ያካክሳል። በምላሹ ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚረጭ የመግቢያ ቫልቮቹ በጊዜ ብዛት ካርቦን ይይዛሉ፤ ምልክቱ ጠዋት ሲነሣ መንቀጥቀጥና ስራ ፈት ላይ ሚዛን ማጣት ነው። ዘይቱም እንደነገሩ የሚገዛ አይደለም። ኤፒአይ ኤስፒ ደረጃ ያለው ዘይት ትናንሽ ቱርቦ ሞተሮችን ከሚጎዳው ያለጊዜው መቀጣጠል ይከላከላል። አቧራ በበዛበት መንገድ ላይ በየ5,000 እስከ 7,500 ኪሎ ሜትር መቀየር ይሻላል፤ ረጅም ዳገት ከወጣም በኋላ ቱርቦው እስኪበርድ አንድ ደቂቃ ሳያጠፉ መቆየት ነው።

ዳስተር ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። "1.6 ቤንዚን" የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ሞተሮች አሉትና። የቀድሞው ኬ4ኤም ሲሆን ወደ 105 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ታይሚንጉም በቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን ያጣምማቸዋል፣ ቴስታታው መፈታቱም አይቀርም። ቅያሬው ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የክራንክሻፍቱን ጥርስ የሚይዘው ቁልፍ የለም፤ የሚይዘው የብሎኑ ጥብቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ካምሻፍቶች ከኋላ በልዩ መሣሪያ ቆልፎ መሥራት ግድ ይሆናል። በቀለም ምልክት አድርጎ በግምት የሚገጥም መካኒክ አንድ ጥርስ ሲያሳስት ወዲያው አይታወቅም፤ መኪናው ይነሣል፣ ግን ጉልበት ያጣል፣ ቤንዚንም ይበላል። ከቺንጋው ጋር ማወጠሪያውና የውሃ ፓምፑ አብረው ይቀየሩ። የመጨረሻው ቅያሬ በሰነድ ካልተረጋገጠ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

በኋላ የመጣው ኤች4ኤም ከኒሳን የተገኘ ነው፤ 115 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፣ ታይሚንጉ በካቴና ነው፣ ቱርቦም የለውም። ለእኔ የዳስተር ምርጥ ሞተር ይህ ነው፤ ፈጣን ስለሆነ ሳይሆን የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ስለሆነ። የትኛው እንደተገጠመ ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከሞተሩ መለያ ላይ አንብቡ።

ጠንቀቅ የምለው ባለ 1.2 ቱርቦውን ነው። በ2012 እና በ2016 መካከል የተመረተው ይህ ሞተር ዘይት በመብላት በሰፊው ይታወቃል፤ በ2019 አንድ የፈረንሳይ የሸማቾች ማኅበር ችግሩ በአውሮፓ ወደ 400,000 መኪኖችን እንደሚመለከት ገልጾ ነበር። የዘይቱ መጠን ሳይታወቅ ይወርድና ሞተሩ ይጎዳል። ርካሽ ዳስተር ሲገኝ ብዙ ጊዜ የርካሽነቱ ምክንያት ይኼው ነው። የመርሴዲስ አምራች ከነበረው ከዳይምለር ጋር በጋራ የተሠራው ባለ 1.3 ቱርቦ፣ 130 ወይም 150 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በጣም የተሻለ ሞተር ነው፤ የዘይትና የቀጥታ መርጫው ጣጣ ግን ከቡስተርጄቱ አይለይም።

ወደ መንገዱ ስንመጣ ዳስተር ያሸንፋል። ፎር ዊሉ ከመሬት ወደ 210 ሚሊ ሜትር ይነሣል፤ ቪታራ 185 ላይ ይቆማል። ብዙ ሰው የማያየው ልዩነት ግን ከኋላ ነው። ፎር ዊሉ ዳስተር የኋላ ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ቪታራ ግን ፎር ዊልም ቢሆን ሁለቱን የሚያገናኝ ቶርሽን ቢም ነው ያለው። ኮረኮንች መንገድ ላይ ይህ በወገብ ይታወቃል። የማኑዋል ፎር ዊል ዳስተር አንደኛ ማርሽ ደግሞ እጅግ አጭር ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ዙር ሲዞር በሰዓት ወደ 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ይጓዛል። በአዘቦት ቀን በሁለተኛ ትነሣላችሁ፤ አንደኛው ለድንጋያማ ዳገት የሎውን ያህል ባይሆንም ፍሪሲዮን ከመቃጠል ያድናል።

የጎማው ነገርም አለ። 215/65 አር16 ጎማ የጎኑ ቁመት 140 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በቪታራ ላይ የሚመጣው 215/55 አር17 ግን 118 ብቻ። ጉድጓድ ውስጥ ቸርኬውን ከመጣመም የሚያድነው ያ ጎን ነው። ባለ 16 ቸርኬ ቪታራ ካገኛችሁ ለውበት ብላችሁ አትለፉት።

ካምቢዮ ላይ ተራው የቪታራ ነው። አውቶማቲኩ ባለ 6 ማርሽ የተለመደው ዓይነት ስለሆነ በዘይት ቅያሬ ረጅም ዘመን ይኖራል። የቤንዚን ዳስተር አውቶማቲክ በአብዛኛው እንደ ገበያው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ወይም ሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው) ነው፤ ሁለቱም ጥገናቸው ልዩ ባለሙያ ይፈልጋል። አውቶማቲክ የግድ ከሆነ ቪታራ፣ ማኑዋል ከተስማማችሁ ሁለቱም። በደኅንነት ፈተናም ቪታራ በ2015 ከዩሮ ኤንካፕ 5 ኮከብ ሲያገኝ ዳስተር በ2017 3 አግኝቷል። የጭነት ቦታ 375 ሊትር ለቪታራ፣ 445 ለፎር ዊል ያልሆነው ዳስተር።

ውሎው አስፋልት ለሆነ ሰው በፊት ጎማ የሚነዳ ባለ 1.6 ቪታራ፤ ከፍታና ሙሉ ጭነት ለሚበዛበት ባለ 1.4፤ መንገዱ ለከፋበት ማኑዋል ፎር ዊል ዳስተር ከኤች4ኤም ወይም ከ1.3 ጋር። በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ለማትፈልጉት ፎር ዊል አትክፈሉ፤ የኋላ ዲፈረንሻልና ዘንግ፣ የሚረሳ ዘይትና አራት እኩል ያለቁ ጎማዎች ዋጋ አላቸው። ጥርሳቸው እኩል ያላለቀ ጎማዎች የፊቱን ከኋላው የሚያገናኘውን ክላች እያሞቁ ያበላሹታል።

ስትመለከቱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሻጩ ቀድሞ ካሞቀው ሌላ ቀን ተመለሱ። የዘይት መለኪያውን ሳታስነሡ እዩ። ሲነሣ ካቴናው ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ ቢንጫጫ ተለጥጧል ወይም ማወጠሪያው ደክሟል። ሃያ ደቂቃ ነድታችሁ ስራ ፈት ላይ ሦስት ደቂቃ ካቆያችሁት በኋላ ጋዝ ስጡት፤ ሰማያዊ ጭስ ከማርሚታው ከወጣ የፒስተን ፋሻው፣ የቫልቭ ጎሚኒው ወይም ቱርቦው ዘይት እያሳለፈ ነው። ፎር ዊል ከሆነ ልል አፈር ላይ መምረጫውን ሎክ (ፎር ዊሉን የሚቆልፈው) ላይ አድርጋችሁ የኋላ ጎማዎቹ መግፋታቸውን ሌላ ሰው ከውጭ ይመልከትላችሁ። በመጨረሻ ስካነር ይሰካ። የስህተት ኮድ አለመኖሩ ብቻ አያስተማምንም፤ የራስ ፍተሻ ዝርዝሩ ብዙው "አልተጠናቀቀም" የሚል ከሆነ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪ ተነቅሏል፤ ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀብድ አይከፈል።